ዋርፋሪንና አታላዩ አማካይ

አንዱ ሁለት ዶሮ በልቶ ሌላው ጦሙን ቢያድር፣ በአማካይ እያንዳንዳቸው አንድ ዶሮ በልተዋል። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ያስቃል። ቤታችሁ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ካለ ግን አያስቅም።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው የልብ ምት መዛባት የላይኛው የልብ ክፍል በደንብ ስለማይኮማተር ደም እዚያው ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። የእነዚህ ሰዎች የስትሮክ አደጋ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ዋርፋሪን ይህን አደጋ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ ልኩን ሲያልፍ ደግሞ ያደማል።

ልኩ የሚታወቀው አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ነው። ለአብዛኛው እንዲህ ያለ ታካሚ ከ2 እስከ 3 ቢሆን ይፈለጋል። እንበልና በዓቢይ ጾም ጎመን በዛና ውጤቱ 1.4 ሆነ። መድኃኒቱ ተጨመረ። ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ቀረ፣ የተጨመረው መድኃኒት ግን እንዳለ ነው፤ ውጤቱ 3.6 ገባ። አማካዩ ስንት ነው? 2.5! ሲያዩት ያምራል፤ ሰውየው ግን አንዴ ለመርጋት፣ አንዴ ለመድማት ተጋልጧል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ታካሚው ከጊዜው ስንት በመቶውን ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ እንዳሳለፈ የሚያሰሉት። 70 በመቶና ከዚያ በላይ ጥሩ ይባላል።

ጎመንና ቆስጣ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳሉ። ይተዉ ማለት አይደለም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ተቀራራቢ ይሁን። ጾም ሲገባና ሲወጣ ለሐኪም መንገር ይጠቅማል። ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙት ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል አይኤንአርን ከፍ ያደርጋሉ፤ የቲቢው ሪፋምፒሲን ዝቅ ያደርገዋል።

«አይኤንአር የማይፈልጉ አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ አይደል?» ትሉ ይሆናል። አሉ፤ ለብዙዎችም ተመራጭ ናቸው። እኛ አገር ግን ብዙዎችን፣ ወጣቶችንም ጭምር፣ የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ታካሚዎችን ይዞ በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ኢንቪክተስ ጥናት፣ አዲሱን ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ይልቅ በእነ ዋርፋሪን ከታከሙት መካከል የሞቱት ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ዋርፋሪን ገና አብሮን ይቆያል።

እናንተስ? ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው። ለእማዬ ወይ ለአባዬ በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚጮህ አላርም ሙሉላቸው። ቀኑን፣ የአይኤንአር ውጤቱንና የሚወስዱትን መጠን ኖት ላይ መዝግቡ፤ በቀጠሮ ቀን ለሐኪሙ አሳዩት። መጠኑን መቀየር የእሱ ሥራ ነው። ሰገራ ከጠቆረ ወይም ነስር አልቆም ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።