የስልክ ገንዘብን የምስጢር ቁጥር ስለ መጠበቅና ስልክ ሲጠፋ ሒሳብን ስለ ማስመለስ

ገበሬ እህሉን ሸጦ የተቀበለውን ብር በጨርቅ ቋጥሮ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ልማድ እየቀነሰ መሄዱ የታወቀ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን አገልግሎት በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የእህልንና የከብትን ዋጋ በስልክ መቀበል ተችሏል። ይሁን እንጂ ጎተራ መዝጊያ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ይህም ገንዘብ መዝጊያ ያስፈልገዋል። ስለ መዝጊያው አሠራር ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

መዝጊያው ምንድር ነው?

ገንዘቡ በስልኩ ውስጥ አይደለም፤ በድርጅቱ መዝገብ ላይ በስልክ ቁጥርዎ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ስልኩ ቢሰበር ገንዘቡ አይጠፋም። መዝገቡን ለመክፈት ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ሲም ካርዱ፣ ሁለተኛው እርስዎ ብቻ የሚያውቁት የምስጢር ቁጥር ነው። ሁለቱንም በእጁ ያስገባ ሰው በመዝገቡ ዘንድ ባለቤቱ ራሱ ሆኖ ይታያል።

የምስጢር ቁጥር አመራረጥ

ባለ 4 አኃዝ ቁጥር በ10,000 ዓይነት፣ ባለ 6 አኃዝ ደግሞ በ1,000,000 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ነገር ግን 123456ን ወይም የትውልድ ዓመቱን የመረጠ ሰው ይህን ሁሉ ጥቅም ያጣል፤ ሌባ አስቀድሞ የሚሞክረው እነዚህን ነውና። ቁጥሩን በስልኩ ሽፋን ውስጥ ጽፎ ማስቀመጥም ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ይቆጠራል።

ማንበብ የማይችል ገበሬ ቁጥሩን ለሌላ ሰው ነግሮ ማስነካት የለበትም። በብዙዎቹ ባለ ቁልፍ ስልኮች 5 ቁጥር ላይ በጣት የምትዳሰስ ጉብታ አለች፤ ከእርስዋ ተነሥቶ ሌሎቹን ቁጥሮች በልምምድ ማግኘት ይቻላል። የልማት ሠራተኛም አነካኩን ካስተማረ በኋላ፣ ገበሬው ቁጥሩን ሲነካ ፊቱን ማዞር ይገባዋል። ቁጥሩን ያወቀ እንደ ሆነ ገንዘብ በጎደለ ቀን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርሱ ነው።

ስለ ማረጋገጫ ቁጥር

ሒሳቡን በአዲስ ስልክ ለመክፈት ሲፈለግ ድርጅቱ የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት ይልካል። እርስዎ ሳይጠይቁ እንዲህ ያለ ቁጥር ከደረሰዎ፣ ሌላ ሰው ሒሳብዎን ለመክፈት እየሞከረ ሊሆን ይችላል። «ሽልማት ደርሶዎታል» ወይም «ከመሥሪያ ቤቱ ነው የምደውለው» የሚል ሰው ቁጥሩን ቢጠይቅዎ ስልኩን ይዝጉት እንጂ አይንገሩት።

አስቀድሞ መደረግ ያለበት

1ኛ. ሲም ካርዱ በራስዎ ስም የተመዘገበ መሆኑን ያረጋግጡ። በልጅ ወይም በዘመድ ስም የወጣ ከሆነ፣ በጠፋ ጊዜ ምትኩን ለማውጣት መብቱ የእርስዎ ሳይሆን የዚያ ሰው ይሆናል። ያ ሰው ወደ ሩቅ አገር ቢሄድ ገንዘብዎ ታስሮ ይቀራል።

2ኛ. ሲም ካርዱ በሌላ ስልክ ውስጥ እንዳይሠራ የራሱን መቆለፊያ ቁጥር ያድርጉለት። ይህ ቁጥር 3 ጊዜ ከተሳሳተ ፒዩኬ የሚባል ባለ 8 አኃዝ ቁጥር ይጠየቃል። ፒዩኬው ሲም ካርዱ በተያያዘበት ካርድ ላይ ከተጻፈ፣ ካርዱን ሳይጥሉ ከመሬት ደብተርዎ ጋር ያኑሩት።

ስልኩ ከጠፋ

1ኛ. ገበያ ውሎ እስኪገባ ሳይጠብቁ፣ በሌላ ሰው የኢትዮ ቴሌኮም ስልክ ወደ 994 ደውለው መስመሩን ያዘጉ። ለቴሌብር ሒሳብ ደግሞ 127 ይደውሉ።

2ኛ. መታወቂያዎን ይዘው ወደ ቅርብ የአገልግሎት ማእከል በመሄድ በዚያው ቁጥር ምትክ ሲም ካርድ ያውጡ። ቁጥሩ ያው ስለ ሆነ ሒሳቡም ያው ነው።

3ኛ. ወዲያው የምስጢር ቁጥሩን ይለውጡ፤ ቀሪውን ገንዘብም ይመልከቱ። ጉድለት ካለ ቀኑንና የብሩን መጠን አጽፈው ለድርጅቱ ያመልክቱ።

እንግዲህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን፣ ይህን ሁሉ አዝመራው ተሰብስቦ ሽያጭ ከመጀመሩ በፊት መፈጸም ይገባል። የልማት ሠራተኞችም በየቀበሌው ስብሰባ አስቀድመው የሲም ካርዱን ባለቤት ስም እንዲያጣሩ እናሳስባለን።