«ከየት መጣብኝ?»፦ በኦንላይን የአየር ውጊያ ጨዋታ ዙሪያ ገባን የማወቅ ፊዚክስ

የኮምፒውተር ጨዋታ የሚወዱ ተማሪዎቻችን በየጊዜው የሚያሰሙን አንድ ዓይነት እሮሮ አለ። ባላጋራቸውን ከፊት አድርገው እያሳደዱ፣ ጣታቸውን ቃታው ላይ እንዳሳረፉ፣ ድንገት ስክሪኑ ይቀላል፤ ክንፋቸው ይገነጠላል፤ ጨዋታውም ያበቃል። «ከየት መጣብኝ?» ይላሉ። እኛም ብንሆን ከዚህ የተለየ ታሪክ የለንም። ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በውጭ አገር ሳለን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ የቀረበውን «ኢል-2 ሽቱርሞቪክ» የተባለ ጨዋታ ያስተዋወቁን የማደሪያ ጓደኞች ነበሩ። የመጀመሪያ በረራችን አራት ደቂቃ አልሞላም፤ የጣለንንም ሰው አላየነውም። የሜካኒክስን እኩልታዎች አሳምሮ ማወቅ ከኋላ የሚመጣን ለማየት እንደማይበቃ የተረዳነው ያኔ ነው። ይሁንና እነዚያው እኩልታዎች በአግባቡ ከተጠየቁ ለምን እንዳላየነው ሊነግሩን ይችላሉ።

በኔትወርክ ተገናኝቶ በአየር ላይ መፋለም አዲስ ነገር አይደለም። «ኤር ወሪየር» የተባለው ጨዋታ በ1980ዎቹ መገባደጃ በስልክ መስመር ይካሄድ ነበር። ዛሬ «ዋር ተንደር» እና «ዲሲኤስ ወርልድ» በስፋት ይታወቃሉ። በሁሉም ዘንድ ልምድ ያለውን ተጫዋች ከጀማሪው የሚለየው የጣት ቅልጥፍና ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ማን የት እንዳለ ማወቁ ነው። ይህን ችሎታ በሰፊው ያጠኑት አሜሪካዊቷ መሐንዲስ ሚካ ኤንድስሊ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ በሦስት ደረጃ ከፍለውታል፤ እነዚህም ነገሩን ማስተዋል፣ ትርጉሙን መረዳት፣ ቀጥሎ የት እንደሚሆን መገመት ናቸው። አብዛኛው ጀማሪ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ብቻ ይደክማል። ዓይኑን ያፈጥጣል እንጂ አያሰላም። በእኛ አስተያየት ግን ቁም ነገሩ ያለው በሦስተኛው ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ አሳዛኝ ታሪክ ማንሳት ተገቢ ይሆናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀርመናዊው አብራሪ ኦስዋልድ ቦልከ እ.ኤ.አ. በ1916 ለጀማሪ ተዋጊዎች ጥቂት ደንቦችን አዘጋጅቶ ነበር። ከማጥቃት አስቀድሞ የበላይነትን መያዝ፣ የሚቻል ሲሆን ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ፣ ባላጋራን ከዓይን አለማራቅ የሚሉት ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 28 ቀን ቦልከና አንድ የጓድ ባልደረባው በውጊያ መካከል የእንግሊዝን አውሮፕላን ሲያሳድዱ ክንፎቻቸው እርስ በርስ ከለሏቸውና በአየር ላይ ተነካኩ። የቦልከ ክንፍ ተጎዳ፤ አውሮፕላኑም ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 25፣ በአየር ያሸነፋቸው ባላጋራዎች ቁጥር 40 ነበር። ባላጋራን ከዓይን አታርቁ የሚለው ደንብ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንዱን ብቻ የሚያይ ዓይን ወዳጁን እንኳ አያይም።

የቦልከ አደጋ አንድ የጂኦሜትሪ ጉዳይ ያስታውሰናል። ሁለት አውሮፕላኖች አቅጣጫና ፍጥነታቸውን ሳይለውጡ ወደ አንድ የመጋጫ ነጥብ ሲያመሩ፣ አንዱ ለሌላው የሚታይበት ማዕዘን አይለወጥም። በመስታወቱ ላይ በአንዲት ነጥብ ረግቶ ይቆያል። የሰው ዓይን ደግሞ በተለይ በጠርዙ በኩል የሚንቀሳቀስን ነገር ለማስተዋል የሰላ ሲሆን የረጋውን በቀላሉ ያልፈዋል። ያ ነጥብ ከኮክፒቱ ብረት ጀርባ የዋለ እንደሆነ ደግሞ እስከ መጨረሻው እዚያው ተሸሽጎ ይቆያል። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዳቸው በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር የሚበርሩ ሁለት አውሮፕላኖች ፊት ለፊት ቢመጡ በሰከንድ 278 ሜትር ያህል ይቀራረባሉ። በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሳሉ የቀራቸው ጊዜ 18 ሰከንድ ነው። 10 ሜትር የሚሆነው የክንፉ ስፋት በዚያን ጊዜ ከአንድ ዲግሪ አሥረኛ እጅ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከ9 ሰከንድ በኋላ የሚያድገው በእጥፍ ብቻ ነው። አንድ ዲግሪ የሚያልፈው ግን 500 ሜትር ሲቀር፣ ማለትም ሁለት ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። «ድንገት መጣብኝ» የሚለው ሰው አልዋሸም፤ ምስሉ ያደገው በእርግጥም ድንገት ነው።

አሁን ደግሞ ዓይንን ከስክሪን ጋር እናወዳድር። ጤነኛ የሰው ዓይን የአንድ ዲግሪን 60ኛ እጅ ያህል ስፋት ለይቶ ማየት ይችላል። ይህም 1 ሜትር ስፋት ያለውን ነገር በ3.4 ኪሎ ሜትር ርቀት እንደመለየት ነው። የጨዋታው እይታ 90 ዲግሪ፣ የስክሪኑ ወርድ 1,920 ፒክስል ነው እንበል። በስክሪኑ መካከል አንድ ፒክስል የዲግሪን 60ኛ እጅ ሦስት ተኩል ጊዜ ያህል ይሸፍናል። 1 ሜትር ስፋት አንዲት ፒክስል የሚሞላው እንግዲህ በ960 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ከፊት ወይም ከኋላ በቀጥታ የሚመጣ ተዋጊ አውሮፕላን ክንፉ ቀጭን መስመር፣ ግንዱም ከ1 ሜትር ብዙ የማይሰፋ በመሆኑ፣ በጣም አደገኛ በሆነበት አቅጣጫ በጣም ጥቂት ፒክስል ይይዛል። አንዳንድ ጨዋታዎች ይህን ጉድለት ለማካካስ የሩቁን አውሮፕላን ከልኩ አጉልተው ይስላሉ፤ ወይም ምልክት ከላዩ ያንጠለጥላሉ።

እይታውን አቅርበን ወደ 30 ዲግሪ ብናጠብበው አንድ ፒክስል ከዓይናችን የመለየት አቅም ጋር ይስተካከላል። ታዲያ ምን ችግር አለው? ከአድማሱ ዙሪያ የምናየው አንድ አሥራ ሁለተኛውን ብቻ መሆኑ ነው። አብራሪዎች አቅጣጫን በሰዓት ገጽ ስለሚጠሩ፣ ማለትም ፊት ለፊትን 12፣ ቀኝን 3፣ ኋላን 6፣ ግራን 9 ስለሚሉ፣ አጉልተን ስንመለከት ከ12ቱ ሰዓት አንዱን ይዘን 11ዱን ጥለናል ማለት ነው። በነገራችን ላይ ከሌላ አገር ተጫዋቾች ጋር በአንድ ቡድን ለሚሰለፉ ወጣቶቻችን አንድ ማሳሰቢያ አለን። ሰዓትን በእኛ አቆጣጠር መጥራት የለመደ ሰው አጭሩ ዘንግ 6 ላይ ሲቆም አፉ የሚቀናው 12 ለማለት ነው። በውጊያ መካከል እንዲህ ብሎ የተረጎመ እንደሆነ ጓደኛውን ኋላውን እንዲያይ ሳይሆን ፊቱን እንዲያይ ነገረው ማለት ነው። የሚጠራው በሰዓቱ ገጽ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው።

ሁሉንም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ማየት ካልተቻለ የቀረው አማራጭ ተራ በተራ ማየትና ያልታየውን በአእምሮ መያዝ ነው። ይህ በአእምሮ የተያዘ ሥዕል ግን ያረጃል። ምን ያህል በፍጥነት ያረጃል? መልሱን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። አንድን አውሮፕላን አይተን ዓይናችንን ስናነሳ፣ በያዘው አቅጣጫና ፍጥነት ይቀጥላል ብለን እንገምታለን። እርሱ ግን ከታጠፈ የግምታችን ስሕተት የአክሰለሬሽኑ ግማሽ በጊዜው ስኩዌር ተባዝቶ የሚገኘው ርቀት ነው። በሰከንድ 125 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 450 ኪሎ ሜትር የሚበር ተዋጊ ጠንከር ባለ መታጠፊያ የመሬት ስበትን 4 እጥፍ፣ በሰከንድ ስኩዌር ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ አክሰለሬሽን ሊያገኝ ይችላል። ከ1 ሰከንድ በኋላ ስሕተታችን 20 ሜትር ነው። ከ2 ሰከንድ በኋላ 80፣ ከ3 ሰከንድ በኋላ 180 ሜትር ይሆናል። ያላየንበት ጊዜ በእጥፍ ሲጨምር ስሕተቱ በአራት እጥፍ ያድጋል።

ከዚህ በኋላ ቀመሩ ራሱ መሥራት ያቆማል፤ ምክንያቱም አውሮፕላኑ በክብ መንገድ ላይ ነው። የፍጥነትን ስኩዌር ለአክሰለሬሽን ብናካፍል የክቡ ራዲየስ 400 ሜትር ገደማ ይመጣል። ፍጥነቱን ይዞ መታጠፍ ከቻለ ግማሽ ክብ ለመዞር 10 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ይህ ቁጥር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ ሲርቅ ያየነው ባላጋራ ከ10 ሰከንድ በኋላ አፍንጫውን ወደ እኛ አዙሮ ሊሆን ይችላል። አንዱን እያሳደድን 15 ሰከንድ ያህል ከፈዘዝን፣ ስለ ሌሎቹ በአእምሯችን ያለው ሥዕል አሮጌ ብቻ ሳይሆን ሐሰት ነው። ይባስ ብሎ እርግጠኛ ያደርገናል፤ ምንም የማያውቅ ሰው ቢያንስ ይጠራጠራል።

ሁሉም አቅጣጫ ግን እኩል አያሰጋም። ከእኛ 1,000 ሜትር ከፍ ብሎ የሚበር ባላጋራ የተጠራቀመ ፖቴንሻል ኢነርጂ አለው። ሁለታችንም በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር እየበረርን ሳለ እርሱ ወደ ታች ቢወረወር፣ የአየርን መጎተት ለጊዜው ብንተው፣ ፍጥነቱ ወደ 640 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ያን ጊዜ በሰከንድ 67 ሜትር ያህል ይቀርበናል። ከ2 ኪሎ ሜትር ተነስቶ መትረየስ በሚደርስበት 300 ሜትር ላይ ለመድረስ 25 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በአንድ የዓይን ውርወራ ልንስተው ስለምንችል በ25 ሰከንዱ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ዕድል ያስፈልገናል፤ ስለዚህም ቢበዛ በየ10 ሰከንዱ ወደ ኋላና ወደ ላይ መመልከት ይገባል። ከእኛ በታች ያለው ደግሞ ለመውጣት ፍጥነቱን መክፈል ስላለበት ጥቂት ይታገሠናል። ጀማሪዎች መሬት መሬቱን ማየት ለምን እንደሚያበዙ ሁልጊዜ ይገርመናል።

ወደ ጨዋታው አሠራር ስንመለስ አንድ ደስ የሚል ተመሳሳይነት እናገኛለን። አዲስ አበባ ያለ ተጫዋች ፍራንክፈርት ካለ ሰርቨር ጋር ተገናኝቷል እንበል። ርቀቱ በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ደርሶ ለመመለስ ከ50 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አይችልም፤ እውነተኛው መስመር ጠመዝማዛ በመሆኑና በየመንገዱ ማሽኖች ስላሉ ከዚያ በላይ ይፈጃል። መዘግየቱ 100 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን በሰከንድ 125 ሜትር የሚበርን አውሮፕላን የሚመለከተው መረጃ የሚደርሰን 12 ሜትር ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ክፍተት የሚሞላው ከመጨረሻው መረጃ ተነስቶ አሁን የት ሊሆን እንደሚችል በመገመት ነው። ባላጋራችን አንዳንዴ በስክሪኑ ላይ ዝልል የሚለው ግምቱ ስሕተት ሆኖ ሲታረም ነው። ልዩነቱ ፕሮግራሙ ግምቱን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ማረሙ ነው። እኛ ግን እስክንመታ ድረስ አናርመውም።

ይህን ለመለማመድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የራስን እንቅስቃሴ ተከትሎ እይታውን የሚያዞር መሣሪያ ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝ ግን አይጥም ይበቃል። በሰላማዊ በረራ ላይ ሳላችሁ ለአንድ አፍታ ዓይናችሁን ጨፍኑና በአካባቢው ያሉት አውሮፕላኖች የት የት እንዳሉ በጣታችሁ አመልክቱ፤ ከዚያም ገልጣችሁ አስተያዩ። መጀመሪያ ላይ ከሦስቱ ሁለቱ የሉም። ሌላው መንገድ የተቀዳውን ውጊያ መልሶ መመልከት ነው። «ዋር ተንደር»ን የመሰሉ ጨዋታዎች ውጊያውን በባላጋራችን በኩል ጭምር ለማየት ያስችላሉ። እኛም በቅርቡ የተሸነፍንበትን አንድ ውጊያ የሰዓት መቁጠሪያ ይዘን ደግመን አየነው። የጣለን አውሮፕላን ከላያችን ሆኖ በስክሪናችን ግራ ጠርዝ አጠገብ፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ 22 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ነበር።