ለአዲሱ ካርቡሬተር አሮጌው ማጣሪያ

የቮልስ ሞተር ከኋላ መሆኑን ልጅ አዋቂው ያውቃል። የኋላ ኮፈኗ ሲነሣ ታዲያ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው፣ ከሞተሩ በላይ ጉብ ብሎ ወደ ጎን አፍንጫ ያወጣው ጥቁር ድስት መሳይ ቆርቆሮ ነው። አየር ማጣሪያው ነው፤ ከነዘይቱ ሲያነሡት ይከብዳል። ኦሪጅናሉ ሶሌክስ ካርቡሬተር አርጅቶ በብራዚል ወይም በቻይና ምትክ ሲለወጥ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ የሚጣለውም እሱ ነው። «አልገጥም አለ» ይባልና በቦታው የሚያብረቀርቅ ትንሽ ፊልትሮ ይሰካል። ሲያዩት ያምራል። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ዋጋው ውድ ነው።

ቮልስ ለምን ዛሬም ትጠገናለች የሚል ካለ ገበያውን ይጠይቅ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ጀርመን፣ በ2003 ደግሞ ሜክሲኮ ምርቷን አቁመዋል፤ እስከዚያው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። እኛ ዘንድ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የወጡት በእሷ ነበርና የታሪክ ስምም አላት። ከዚህ ሁሉ በላይ የ2012ቱ ኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወድዶታል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል። ያለችውን መኪና ማቆየት ግድ ሆኗል።

ወደ ማጣሪያው እንመለስ። ሞተሩ ሲስብ አየሩ በአፍንጫው ገብቶ ወደ ታች ይወርዳል። ከታች የተኛው ዘይት ጋ ሲደርስ በድንገት ታጥፎ ወደ ላይ መውጣት አለበት። አየሩ ቀላል ነውና ይታጠፋል፤ አቧራው ግን በመጣበት ፍጥነት ቀጥሎ ዘይቱ ላይ ያርፋል። ያመለጠው ደቃቅ በዘይት የራሰው የላይኛው ጥልፍልፍ ላይ ይቀራል። ሲቆሽሽ የሚገዛ ዕቃ የለም፤ ዘይቱ ይደፋል፣ የታችኛው ሳህን በናፍጣ ይታጠባል፣ አዲስ የሞተር ዘይት እስከ ምልክቱ ይሞላል። በበጋ የገጠር መንገድ ስትመላለስ የከረመች ቮልስ ማጣሪያዋ ሲፈታ፣ ከዘይቱ ሥር በጣት ሲያሹት አሸዋነቱ የሚታወቅ ወፍራም ቀይ ዝቃጭ ይወጣል። ይህ ዝቃጭ ሲሊንደር ውስጥ ቢገባ ፋሻና ፒስተን ይፈጫል፤ ሞተሩም ዘይት መብላት ይጀምራል።

እውነቱን ለመናገር ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ ከዘይቱ የተሻለ ያጣራል። በተለይ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ አየሩ ስለሚያዘግም ዘይቱ ብዙ አቧራ ያመልጠዋል፤ ቮልስዋገንም ራሱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ወደ ወረቀት ዞሯል። እኔ የምቃወመው ወረቀቱን አይደለም። የምቃወመው ያን የሚያብረቀርቅ ትንሽ ፊልትሮ፣ ብርሃን የሚያሳልፈውን ስስ ወንፊት ነው። የወረቀቱም ጣጣ በአቧራ ቶሎ መታፈኑና ልኩ በተፈለገበት ቀን አለመገኘቱ ነው። ናፍጣና ዘይት ግን የትም አለ።

አሁን ስለ መግጠሙ። «አልገጥም አለ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የአንገት ጉዳይ ነው፤ የምትኩ ካርቡሬተር አንገት ከማጣሪያው ቀዳዳ ሊጠብ ወይም ሊሰፋ ይችላል። በዓይን ግምት አይሆንም፣ ሁለቱም በካሊፐር ይለኩ። የካርቡሬተሩ አንገት ከጠበበ ቶርኖ ቤት ወስዶ በልኩ የአሉሚኒየም ቀለበት ማስወጣት ነው፤ ሥራው ከባድ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ መጠቅለል ነው። ጎማው በቤንዚን ትነትና በሙቀት ይለሰልሳል፣ ፋሸታው ይላላል፣ ከዚያ በኋላ አየሩ በማጣሪያው ሳይሆን በጎን ይገባል። አንገቱ ከሰፋ ደግሞ የማጣሪያውን ቀዳዳ በመዶሻ ማስፋት አይገባም፤ ለዚያ ካርቡሬተር የሚሆን ቀዳዳ ያለው ሌላ የቮልስ ማጣሪያ መፈለግ ይሻላል።

ቀለበቱ ሲገባ ጥልቀቱ ይታይ። አንገቱ ውስጥ ያለችው የቾክ ክዳን ስትከፈት ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ቀለበቱ ወደ ውስጥ ከገባ ትነካውና ግማሽ ተከፍታ ትቀራለች። መኪናዋ ከሞቀች በኋላ ጥቁር ጭስ ካጨሰች እዚያ ይታይ። የማጣሪያው ቁመትም አለ፤ እንደ ዌበር ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡሬተር ላይ ሲቀመጥ ኮፈኑ አልዘጋ ሊል ይችላል። ክብደቱን ሁሉ ካርቡሬተሩ ላይ መጣልም አይበጅም። በኮረኮንች ላይ ሲናጥ ብሎኖቹን ያላላል፣ ከሥር ያለው ጓርኒሲዮን ይበላሻል። ከሞተሩ ጎን ደጋፊ ብረት ይሠራለት።

ሁለት ቱቦዎች ደግሞ አሉ። አንደኛው ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን የዘይት ትነት ወደ ማጣሪያው ይመልሳል። ትንሹ ፊልትሮ ሲገባ ይህ ቱቦ ተንጠልጥሎ ይቀርና ሞተሩ ላይ ዘይት ሲረጭ ይኖራል። ሁለተኛው ከሲሊንደሮቹ አካባቢ የሞቀ አየር ያመጣል። ሙቅ አገር ላይ ትርፍ ይመስላል፤ ደብረ ማርቆስ በሐምሌ ጧት ግን ሌላ ነው። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ፣ ብርዱና እርጥበቱ ሲገናኙ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ በረዶ ሊጋገር ይችላል። ያኔ ሞተሩ ያለ ምክንያት ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ እንደገና ይነሣል። ባለመኪናው ቤንዚን ፓምፑን ይጠረጥራል።

የደብረ ማርቆስን ከፍታ ግን ማጣሪያው አያስተካክለውም። ከተማዋ ወደ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተሩ ይህን አያውቅምና ድብልቁ በቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ ይከብዳል። መድኃኒቱ የቤንዚኑን ዋና ቀዳዳ በአነስተኛ መለወጥ ነው። ቁጥሩ በራሱ ላይ ተቀርጿል፤ 127.5 ካለ 1.275 ሚሊሜትር ማለት ነው። በጣም ማሳነስም አደጋ አለው፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ፣ አየሩ በወፈረበት በዚያ ሙቀት የጎሃ ጽዮንን ዳገት ይጀምራል። ቤንዚን የሳሳበት ሞተር እዚያ ይግላል። ስለዚህ ቀዳዳው የሚመረጠው ማጣሪያውና ቱቦዎቹ ሁሉ ከገጠሙ በኋላ ነው፤ ማጣሪያ ሲለወጥ የአየሩ አሳሳብም ይለወጣል። ካንዴላ አውጥቶ ማየት ይረዳል፦ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን በዝቷል፣ የነጣ ከሆነ አንሷል።

ተገጥሞ ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይቱ ከምልክቱ አልፎ ተሞልቷል፤ ሞተሩ እየሳበው ነው። ማጣሪያውን ሳያጋድሉ አውጥቶ መቀነስ ነው። ጭስ ባይኖርም ከአንድ ሳምንት መንገድ በኋላ ማጣሪያው ይነሣና የካርቡሬተሩ አንገት ውስጡ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠረግ። ጨርቁ ቀይ ከሆነ ቀለበቱ ወይም ፋሸታው አየር ያሳልፋል፤ ወደ ቶርኖ ቤት ይመለሳል።