የሰንደቅ ዓላማ ገመድ አያያዝ

የእንጦጦ ጋራ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። ከዚያ የሚወርደው ነፋስ በየካ በኩል ሲያልፍ በትምህርት ቤት ግቢ ያለውን ሰንደቅ ዓላማ በብርቱ ያውለበልበዋል። ልጆች ሆይ፤ ጧት ተሰልፋችሁ ስትዘምሩ ዓይናችሁ ጨርቁን ያያል እንጂ ገመዱን የያዙትን ሁለቱን ልጆች ልብ አትሉ ይሆናል። ዳሩ ግን ሥራው ሁሉ ያለው በእነርሱ እጅ ነው።

በምሰሶው ጫፍ አንዲት ትንሽ መዘውር አለች፤ በዙሪያዋም ገመዱ የሚሄድበት ቦይ አላት። የገመዱ አንዱ ጫፍ ከሰንደቅ ዓላማው ከላይኛው ማዕዘን፥ ሁለተኛው ጫፍ ከታችኛው ማዕዘን ይታሰራል። ስለዚህ ገመዱና ጨርቁ እንደ ቀለበት ይገጥማሉ፤ አንዱ ወገን ሲወርድ ሌላው ይወጣል። አንዱ ልጅ ይስባል፥ ሁለተኛው ይለቃል። የሚስበው ብቻ የሚሠራ ይመስላል፤ ዋናው ሥራ ግን የሚለቀው ልጅ ነው። እርሱ ገመዱን ጠበቅ አድርጎ እጅ በእጅ እያፈራረቀ ጥቂት በጥቂት ይልቀቅ። በመዳፉ ውስጥ እንዲንሸራተት ግን አይተወው፥ ያቃጥለዋልና።

አስቀድሞ ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት ምሰሶው የባሕር ዛፍ ግንድ ነበረ። አንድ ማታ ገመዱን እንዲለቅ የታዘዘው ልጅ ወደ ቤቱ ለመሄድ ቸኩሎ ባንድ ጊዜ ተወው። ነፋሱ ጨርቁን ገለበጠው፤ የላላውም ገመድ ከመዘውሯ ቦይ ወጥቶ በጐኗ ተወተፈ። ከዚያ በኋላ ብንስበው ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ አለ፤ ሰንደቅ ዓላማውም በምሰሶው አጋማሽ ቀረ። በመንገድ የሚያልፉ አንዲት እናት ቆመው «የኔታ፥ ማን ዐርፎ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በአጋማሽ የሚውለበለብ ሰንደቅ ዓላማ የሐዘን ምልክት ነውና አልተሳሳቱም። እኔ ግን የምመልሰው ጠፋኝ። ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ ሲገርፈው አደረ፤ በማግሥቱ ምሰሶውን ነቅለን ብናጋድመው ጫፉ ተተልትሎ አገኘነው። (በእውነተኛ ሐዘን ጊዜ እንኳ ሰንደቅ ዓላማ አስቀድሞ እስከ ጫፍ ይወጣል፥ ከዚያም ወደ አጋማሽ ይወርዳል።)

ይህን ነገር ባሕረኞች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በነፋስ ኃይል የምትሄድ ጀልባ በፊቷ በኩል ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ አላት። በዛሬው ዘመን በብዙ ጀልባዎች ላይ ከዚህ ሸራ ግርጌ የገመድ ማጠንጠኛ ይገኛል። ሸራው ሲዘረጋ ገመዱ በማጠንጠኛው ላይ ይጠመጠማል፤ ነፋስ ሲበረታ ያንኑ ገመድ ቢስቡት ሸራው ይጠቀለላል። እንግዲህ ባሕረኛው ሸራውን ሲዘረጋ ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ካልያዘ፥ ገመዱ ላልቶ አንዱ ዙር በሌላው ላይ ይወጣል። ይህ ስሕተት ሰማዩ ጸጥ ባለ ጊዜ አይታወቅም። ማዕበል መጥቶ ሸራውን ልጠቅልል ባለ ጊዜ ግን ገመዱ ተይዞ አይመጣለትም፤ ጀልባዪቱም ሸራዋን እንደ ዘረጋች በማዕበል መካከል ትቀራለች። ለእርሱ ነቅሎ የሚያጋድመው ምሰሶ የለውም።

ሰንደቅ ዓላማው ከወጣ በኋላ ገመዱን በምሰሶው ላይ በተመቱት ሁለት ችንካሮች እንደ 8 ቁጥር እያቋረጡ መጠምጠም ይገባል፤ ተደራርቦ የተቋጠረ ገመድ ማታ በቶሎ አይፈታም። የቃጫ ገመድ ደግሞ ዝናም ሲመታው ያጥራል፥ ይወጠራልም። ስለዚህ በክረምት ማታ ሰንደቅ ዓላማውን አውርዳችሁ ባዶውን ገመድ ስታስሩ ጥቂት ላላ አድርጉት፤ ጧት ከመስቀላችሁ በፊት ግን መልሳችሁ አጥብቁት።