የእናቱን እጅ የወረሰ ልጅ

ኤፍሬም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። እናቱ በድርቁ ዘመን ስለ ሞተች አባቱ ይዞት ረጅም የተራራ መንገድ ከተጓዘ በኋላ ከዘመዶች ቤት ያደርሰዋል። አባትየውም ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ሆኖበት ልጁን በዚያው ትቶት ይሄዳል። ለልጁ የቀረችው ወዳጅ ቹኒ የምትባል በጉ ብቻ ናት። ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው «ላምብ»፣ በእኛ ቋንቋ «በግ» የሚባለው ፊልም ታሪኩ ይህ ነው። በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ የፊልም በዓል ቀርቦ፣ ከኢትዮጵያ በይፋዊው ምርጫ የገባ የመጀመሪያው ፊልም ለመባል በቅቷል።

የኤፍሬም ተሰጥኦ ከእናቱ የተማረው የወጥ ሙያ ነው። አጎቱ ሰሎሞን ግን ወንድ ልጅ ሞፈር እንጂ ማማሰያ መያዝ የለበትም ባይ ነው፤ በዚያም ላይ በጊቱ ለመጪው በዓል እንድትታረድ ያዝዛል። ልጁም ሳምቡሳ እየሠራ በገበያ በመሸጥ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ገንዘብ ለማጠራቀም ይነሣል።

በከላላና በመካነ ሰላም ደጋ ላለን ሰዎች ይህ ከሩቅ የመጣ ወሬ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወሎ ስንቱን ልጅ ያለ እናት አስቀርቷል! ዛሬም ወላጁ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ ከተማ ሄዶበት በአያቱና በአጎቱ ቤት የሚያድገው ብዙ ነው። ስለዚህ አባትየውን ለመንቀፍ አልቸኩልም። ሰሎሞንም ቢሆን ክፉ ሰው አይደለም፤ እህሉ ጥቂት፣ አፉ ብዙ የሆነ ቤት አባወራ ነው።

ሆኖም ስለ ማማሰያው አልስማማም። የቁርባኑን ኅብስት በቤተ ልሔም የሚያዘጋጁት እነማን ናቸው? ዲያቆናቱ ወንዶች አይደሉምን? በወንዶች ገዳማትስ ለማኅበሩ ዳቤ የሚጋግሩት መነኮሳቱ ራሳቸው አይደሉምን? በመቅደሱ አጠገብ ክብር የሆነው ሥራ በጓዳ ሲሆን ነውር የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

የፊልሙ አዘጋጅ ስመ ሞክሼ ቅዱስ ያሬድም አባቱ ሲሞት እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጥታው ነበር። ትምህርቱ አልገባው ብሎ ቢመታ ሸሽቶ ሄደ፤ በዛፍ ላይ ደጋግሞ እየወደቀ የሚወጣውን ትል አይቶም ተመለሰ። አጎትየው በቁጣው ጸንቶ ደጁን ዘግቶበት ቢሆን ኖሮ የዜማውን ነገር ማን ያውቃል? ልጁን ለዘመድ የሚሰጥ ወላጅ እንግዲህ ከልብሱና ከስንቁ ጋራ ልጁ የሚያውቀውንና የሚወደውን ነገር ለተቀባዩ ይንገር። የሚቀበለውም ከሥራ ከማዘዙ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ፊልሙ በአማርኛ ስለሚነገር ከልጆች ጋራ ለማየት ይመቻል። ዳሩ ግን ለበዓል የተገዛ በግ በደጅ ታስሮ ባለበት ሳምንት ባይሆን ይሻላል።