አፕዴት ሲመጣ ሸክሙ የማን ነው?

ስታርዲው ቫሊ የተባለውን ጌም የሠራው አንድ ሰው ነው። አሜሪካዊው ኤሪክ ባሮን ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ታሪኩንም፣ ኮዱንም ብቻውን ሠርቶ በ2016 ለገበያ አቀረበው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ተጫዋቹ ከአያቱ የወረሰውን ጠፍ እርሻ ያለማል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ይዛመዳል። ጌሙ ከወጣ ወዲህ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞዶች ተሠርተውለታል። ሞድ ማለት የጌሙ ባለቤት ያልሆነ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ክፍያ፣ በጌሙ ላይ የሚጨምረው ነገር ነው፦ አዲስ ሰብል፣ አዲስ ጎረቤት፣ አልፎም አንድ ሙሉ መንደር። እኔም አንድ ትንሽ ሞድ አለኝ፤ ጀበና፣ ሲኒና ረከቦት የሚጨምር። በጌሙ ውስጥ ቡና ይበቅላል፣ ይጠጣልም፤ ጀበና ግን አልነበረም።

ዛሬ የምጽፈው ጌሙ አፕዴት በተደረገ ቁጥር እነዚያ ሁሉ ሞዶች ምን እንደሚሆኑ ነው። አፕዴት ሲመጣ ከሥር ያለው ኮድ ይለወጣል። ሞዱ ትናንት ያገኘው የነበረ ነገር ዛሬ ስሙ ተቀይሮ ወይም ከቦታው ተነስቶ ይጠብቀዋል። ኩባንያ ቢሆን አለቃው ሠራተኞቹን ሰብስቦ «እስከ ዓርብ አስተካክሉ» ይላል። ሞድ ሠሪን እንዲህ ብሎ የሚያዝ የለም። አንዱ ተማሪ ነው፣ ፈተና ደርሶበታል። አንዷ አራስ ናት። ሌላው ጌሙን መጫወት ካቆመ ቆይቷል፤ ሞዱን ግን ዛሬም ብዙ ሰው ይጫወትበታል። እንዲህ ያለውን ማኅበር ሳይበተን ከአንድ ለውጥ ወደ ሌላው ማሻገር እንዴት ይቻላል?

የጌሙ ባለቤትና ሞድ ሠሪዎች ሳይመካከሩ ሲቀሩ ምን እንደሚመጣ በ2024 በፎልአውት ለንደን ታይቷል። በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት የደከሙበት፣ የፎልአውት 4 ጌምን ዓለም ወደ ለንደን የሚወስድ፣ በስፋቱ ራሱን የቻለ ጌም የሚያህል ሞድ ነው። ኤፕሪል 23 ሊወጣ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። የጌሙ ባለቤት ቤተስዳ ደግሞ ኤፕሪል 25 ትልቅ አፕዴት እንደሚለቅ አስታወቀ። ሞዱ የተሠራው በአሮጌው ቨርዥን ላይ ስለነበር ቡድኑ ቀጠሮውን ከማራዘም ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በመጨረሻ ጁላይ 25 ወጣ፤ ያውም ጌሙን ወደ ቀድሞው ቨርዥን እየመለሱ ነበር የሚጫወቱት። ቤተስዳ የራሱን ጌም የማደስ መብት አለው። እኔን የሚቆጨኝ በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ያን ያህል ሥራ በሁለት ቀን ልዩነት ሲሰናከል ማየት ያማል።

በስታርዲው ቫሊ በኩል ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዷል። እዚያ ሞዶቹንና ጌሙን የሚያገናኘው ስማፒ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ጌሙን በስማፒ በኩል ስትከፍቱት መጀመሪያ ጥቁር መስኮት ይመጣል። የጫናችኋቸው ሞዶች እዚያ ላይ ይዘረዘራሉ። የማይሠራ ካለ በቀይ ይጻፋል፣ ምክንያቱም አብሮ ይነገራል። የተበላሸው ተዘልሎ የቀሩት ይነሳሉ እንጂ በአንዱ ጦስ ሁሉም አይቀርም። ከዚህም በላይ፣ ስማፒ አንዳንድ አሮጌ ሞዶችን ሲጭን ውስጣቸውን እያነበበ፣ የተቀየረውን የኮድ ስም በአዲሱ ተክቶ ያስነሳቸዋል። የሞዱ ፋይል አይነካም፣ ባለቤቱም መኖሩ አያስፈልግም። አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው በደንብ ከሠራው፣ መቶ ሰው በየቤቱ ተመሳሳዩን ሥራ ከመድገም ይድናል። እኔ የዚህን ማኅበር አያያዝ የማደንቀው ከሁሉ በፊት በዚህ ነው።

ትልቁ ፈተና ማርች 19 ቀን 2024 በወጣው 1.6 አፕዴት መጣ። ከዚያ በፊት በጌሙ ውስጥ የዕቃ መለያ ቁጥር ነበር፤ እንጨት 388፣ ድንጋይ 390። ለባሮን ይህ በቂ ነበር፤ ቁጥር የሚያድለው እሱ ብቻ ነበርና። የማይተዋወቁ ሞድ ሠሪዎች በየፊናቸው ዕቃ ሲጨምሩ ግን ሁለት ሰው አንድ ቁጥር መያዙ የማይቀር ነው። ለዚህ መላ ሆኖ የኖረው ጄሰን አሴትስ የተባለ ሌላ ሞድ ነው። በእያንዳንዱ ተጫዋች ኮምፒውተር ላይ ያልተያዘ ቁጥር ፈልጎ ለአዲሶቹ ዕቃዎች ያድል ነበር። ስለዚህ የእኔ ጀበና ባንዱ ላፕቶፕ ላይ አንድ ቁጥር ይዞ በሌላው ላይ ሌላ ይሆን ነበር። ተጫዋቹ ሞድ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ዕደላው ይቀየር ነበር፤ ጄሰን አሴትስ የተቀመጠውን ዕቃ ከአዲሱ ቁጥር ጋር ለማዛመድ ይጥር ነበር። ማዛመዱ ከተሳሳተ ግን ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ጀበና የማይታወቅ የዘር ከረጢት ሆኖ ይገኝ ነበር።

1.6 ቁጥሩን በጽሑፍ ተካው። አሁን የሞድ ዕቃ መለያ የሠሪው ስም፣ የሞዱ ስምና የዕቃው ስም ተያይዘው የሚሠሩት ነው። የእኔ ጀበና በማንም ኮምፒውተር ላይ ያው የእኔ ጀበና ነው። ይህን ሳነብ በጣም ነበር ደስ ያለኝ። ለሞድ ሠሪ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አላውቅም። ግን ደግሞ ሥር የሚነቅል ለውጥ ነው፤ ዕቃ የሚነካ ሞድ ሁሉ መታየት ነበረበት።

ታዲያ ማኅበሩ ድንገት አልተያዘም። ስማፒን የሚያስተዳድረው ሰው ጌሙን ለሞድ የተመቸ በማድረጉ ሥራ ላይ ከባሮን ጋር አብሮ ሠርቷል። ምን እንደሚቀየርና ሞድ ሠሪው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚዘረዝር መመሪያም አፕዴቱ ሳይወጣ አስቀድሞ ለሁሉም ተከፍቷል። ማርች 19 ሲደርስ ስማፒ 4.0 በዚያው ቀን ወጣ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ኮንቴንት ፓቸር ውስጥ ያለችውን አንዲት መስመር ነው። ኮንቴንት ፓቸር ኮድ የማይጽፍ ሰው ሞድ እንዲሠራ የሚያስችል መሣሪያ ነው፤ የእኔም ሞድ ሥዕሉና የመንደሩ ሰዎች ንግግር በእሱ ነው የሚጨመረው። የሞዱን ፋይል ስትከፍቱ አናቱ ላይ «ፎርማት» የሚል መስመርና አንድ ቁጥር ታገኛላችሁ። ያ ቁጥር ሞዱ የተጻፈው በየትኛው ጊዜ ደንብ እንደሆነ ይናገራል። በ1.6 የመረጃው አጻጻፍ ተለውጧል። ዱሮ ስለ አንድ የመንደር ሰው ያለው ሁሉ፣ ዕድሜው፣ ጠባዩ፣ የልደት ቀኑ፣ በአንድ ረጅም መስመር ላይ በእዝባር እየተለየ ይደረደር ነበር። አሁን እያንዳንዱ ስም ያለው የራሱ ቦታ አለው። ኮንቴንት ፓቸር 2.0 አናቱ ላይ ያለችውን ቁጥር አይቶ፣ አሮጌ ከሆነች የብዙውን መረጃ አሮጌ አጻጻፍ ራሱ ወደ አዲሱ እየለወጠ ያነበዋል። ከዓመታት በፊት ሞዱን ሠርቶ የሄደ ሰው ያስቀመጣት አንዲት ቁጥር ሥራውን አተረፈችለት።

ስማፒ የራሱን አሮጌ ነገር ሲያስወግድም በደረጃ ነው። በመጀመሪያ ሊቀር ያለውን ነገር የሚጠቀም ሞድ ሲያገኝ፣ ተጫዋቹ ልብ በማይለው የማስታወሻ ፋይል ውስጥ ብቻ ይጽፋል፤ ሠሪው ያየዋል። ቆይቶ በመስኮቱ ላይ ይታያል። በመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይሆንና ሞዱ በቅርቡ ሊቆም እንደሚችል ለተጫዋቹ በግልጽ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ትልቅ ቨርዥን ሲመጣ፣ ነገሩ የሚወገደው። ሠሪው ቀድሞ ይስማ፣ ተጫዋቹ በኋላ ይስማ የሚለው ቅደም ተከተል ልክ ይመስለኛል። ተጫዋቹ ቀድሞ ቢሰማ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው «መቼ ታስተካክለዋለህ?» እያለ በነጻ የሚሠራው ሰው ላይ ይዘንብበት ነበር። ብዙ ሞድ ሠሪ ሥራውን የሚተወው ኮዱ ከብዶት ሳይሆን ይህ ጭቅጭቅ መሮት ነው።

ባለቤቱ ጭራሽ ከጠፋስ? ሌላ ሰው አስተካክሎ ጊዜያዊ ቨርዥን ያወጣል፤ ይህም ኢመደበኛ አፕዴት ይባላል። የቁጥር አሰጣጡ የታሰበበት ነው። የባለቤቱ የመጨረሻ ቨርዥን 1.2.0 ከነበረ፣ ጊዜያዊው 1.2.1 ተብሎ ኢመደበኛ የሚል ምልክትና ያስተካከለው ሰው ስም ይለጠፍበታል። በቨርዥን ደንብ መሠረት እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ቁጥር ምልክት ከሌለው 1.2.1 ያንሳል። ስለዚህ ባለቤቱ ተመልሶ 1.2.1 ብሎ ቢያወጣ፣ ስማፒ ለተጫዋቾቹ የባለቤቱን አዲስ ቨርዥን ይነግራቸዋል። የሄደ ሰው ቦታው ተጠብቆለት ይቆያል ማለት ነው። የጠፋን ሰው ሥራ ያለ ንጥቂያ መጠበቅ በብዙ ቦታ የማላየው ጨዋነት ነው።

ችግር የለም ግን አልልም። በኮድ የተጻፉ ትልልቅ ሞዶች በራስ ሰር ለውጥ የሚድኑት በከፊል ነው፤ ከ1.6 ያልተሻገሩም አሉ። ኢመደበኛ አፕዴትም ቢሆን የሚቻለው ባለቤቱ ፈቃድ ትቶ ከሄደ ነው። ፈቃድ ያልጻፈ ሰው ሥራ የባለቤቱ ንብረት ነውና፣ ማስተካከል የሚችል ሰው እያለ እንኳ አስተካክሎ ማከፋፈል አይችልም። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ደግሞ ስማፒም ኮንቴንት ፓቸርም በዋናነት የአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መሆናቸው ነው። ኮዱ ክፍት በመሆኑ ሌላ ሰው ሊረከበው ይችላል፤ ስማፒም ከዚህ በፊት ከጀማሪዎቹ ወደ ሌላ እጅ ተላልፎ ነው እዚህ የደረሰው። ቢሆንም ተረካቢ ዛሬ አጠገቡ ሆኖ ቢለማመድ ይሻላል እላለሁ።

ባሮን 1.7 እንደሚመጣ አስታውቋል። እኔም የሞዴን ኮድ በሙሉ ክፍት አድርጌ፣ ማንም ሰው ሳይጠይቀኝ አስተካክሎ ማከፋፈል እንደሚችል የሚገልጽ የፈቃድ ፋይል ከጎኑ አስቀምጫለሁ። የዕቃዎቹን መለያ በአዲሱ አጻጻፍ ቀይሬያለሁ፣ ፎርማት የሚለውንም መስመር አድሻለሁ። ሞድ ያላችሁ አንባቢዎች ካላችሁ የፈቃዱን ፋይል ዛሬውኑ ጨምሩ፤ አጭር ጽሑፍ ነው፣ ተዘጋጅቶም በነጻ ይገኛል።