አምስተኛው ፍጹም ቍጥር

የቍጥርን ጠባይ ከመረመሩት የጥንት ጠቢባን አንዱ የሆነው የጌራሳው ኒቆማኮስ፣ በ100 ዓ.ም. ግድም ቍጥሮችን በአካፋዮቻቸው ድምር እየመዘነ በሦስት ወገን ከፍሏቸዋል፤ ይኸውም ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ የሚያንሱትን ጎደሎ፣ የሚበልጡትን ትርፍ፣ ሳያንሱና ሳይበልጡ የሚተካከሉትን ፍጹም ብሎ ነው። የ8 አካፋዮች 1፣ 2 እና 4 ተደምረው 7 ብቻ ስለሚሆኑ 8 ጎደሎ ነው፤ የ12 አካፋዮች 16 ስለሚሞሉ 12 ትርፍ ነው፤ 6 ግን ከ1፣ ከ2 እና ከ3 ድምር ጋር ትክክል ነውና ፍጹም ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስም ስለ እግዚአብሔር ከተማ በጻፈው መጽሐፍ ሥነ ፍጥረት በስድስት ቀን መፈጸሙን ከዚሁ ከስድስት ፍጹምነት ጋር አያይዞ ተርጕሞታል።

በኒቆማኮስ ዘንድ የታወቁት ፍጹማን 6፣ 28፣ 496 እና 8128 ነበሩ። ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስትና ባለ አራት አኀዝ ከሆኑት መደቦች በየአንዳንዱ አንድ አንድ መገኘቱን፣ መጨረሻቸውም 6 እና 8 እየተፈራረቀ መሄዱን አይቶ ሥርዐቱ በዚሁ ይቀጥላል አለ፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡ ብዙ ሊቃውንትም ቃሉን ሳይመረምሩ ተቀብለው ከሺህ ዓመት በላይ ሲያስተምሩት ኖሩ።

ይህን እምነት የናደው በግእዝ አኀዝ ፴፫፻፶፭፼፫፻፴፮ ተብሎ የሚጻፈው 33,550,336 ነው፤ ስምንት አኀዝ ያለው በመሆኑ ባለ አምስት፣ ባለ ስድስትና ባለ ሰባት አኀዝ መደቦች ፍጹም ቍጥር ሳይገኝባቸው ቀሩ።

የልደቱን መንገድ ግን ኤውክሊድስ በዘጠነኛው መጽሐፉ ፍጻሜ አስቀድሞ አሳይቶ ነበር፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ እጥፍ በእጥፍ ሲደምሩ ድምሩ ብቸኛ ቍጥር፣ ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው የሆነ እንደ ሆነ፣ ያን ድምር በመጨረሻው ተደማሪ ቢያባዙት ፍጹም ቍጥር ይወጣል። አምስት ተደማሪዎች 31ን ይሰጣሉ፤ 31 በ16 ሲባዛ 496 ነው። ተደማሪዎቹ 11 ሲሆኑ የሚገኘው 2047 ለዐይን ብቸኛ ይመስላል፤ ነገር ግን የ23 እና የ89 ብዜት ስለ ሆነ አይረባም። 13 ሲሆኑ ግን 8191 ይመጣል፤ እርሱም በ4096 ተባዝቶ ቍጥራችንን ይወልዳል።

የ8191ን ብቸኝነት ማረጋገጥ የሚያስፈራ ሥራ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ፌርማ በ17ኛው መቶ ዓመት ባስተዋለው ሕግ መሠረት፣ ብቸኛ የሆነ ሌላ አካፋይ ቢኖረው ለ26 ሲካፈል 1 የሚተርፈው ሊሆን ይገባል። 91 በ91 ቢባዛ ከ8191 ያልፋልና ከ91 በታች መፈለግ ይበቃል፤ በዚያም የሚገኙት 53 እና 79 ብቻ ናቸው። ለ53 ሲካፈል 29፣ ለ79 ሲካፈል 54 ይተርፈዋል፤ ስለዚህ ብቸኛ ነው።

አሁን ይመዘን። ከ1 እስከ 4096 ያሉት 13 እጥፎች ተደምረው 8191 ይሆናሉ፤ ከ8191 እስከ 16,775,168 የሚደርሱት 12 እጥፎች 33,542,145 ይሆናሉ፤ ሁለቱ ሲደመሩ አንድ እንኳ ሳይጎድል 33,550,336 ይሞላል። ከዚህም ሌላ ከ1 እስከ 8191 ያሉት ቍጥሮች በሙሉ ድምር ነው፤ የዚህን ያህል መስማማት በአንድ ቍጥር ላይ ማየት በእውነት ያስደንቃል።

ሁዳልሪኩስ ሬጊዩስ እ.ኤ.አ. በ1536 ባሳተመው መጽሐፍ የ2047ን ተካፋይነትና የአምስተኛውን ፍጹምነት አስረዳ፤ ጣሊያናዊው ካታልዲም እ.ኤ.አ. በ1588 ስድስተኛውን፣ 8,589,869,056ን አገኘ። አምስተኛው በ6 ጨርሶ ሳለ ስድስተኛውም ደግሞ በ6 በመጨረሱ የኒቆማኮስ የ6 እና የ8 ፈረቃ በዚያው ፈረሰ።